የእንግዶች ጥግ

አጎቴ ቀለም ይወዳል። ሰው አበባ ይወዳል፣ ድመት ይወዳል፤ እሱ ግን የቀለም ቆርቆሮ ሲከፈት ጎንበስ ብሎ ያሸትና "አዲስ ነገር እንዲህ ነው የሚሸተው" ይላል። የስፖርት አዳራሹ ጠባቂ እሱ፣ ጠጋኝ እሱ፣ ነጥብ መዝጋቢም እሱ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ውድድር ባለቀ ቁጥር አዳራሹን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲቀባ ኖሯል። ወንበሩ፣ የደረጃው መደገፊያ፣ የውኃ ቧንቧው፣ የኳሱ ሣጥን፣ የቆሻሻው በርሜል፤ በራሱ እግር የማይሄድ ነገር ሁሉ አረንጓዴ ነው። ተጫዋቾቹ "እሱ ፊት ቆማችሁ እንዳታንቀላፉ፣ ይቀባችኋል" ይባባላሉ። ጋሽ ነጥብ የሚል ስም ያወጡለትም እነሱ ናቸው። በማይክሮፎን "ሠላሳ አራት ለሠላሳ ሁለት" ሲል ድምፁ እንደ ደወል ነው፤ ተሸናፊው እንኳ ቅር አይለውም።

እኔ የእህቱ ልጅ ነኝ። ኮሌጅ ኮምፒውተር ተምሬ አሁን ጥገና ቤት ስለምሠራ "ምሁሩ" ይለኛል። ሲያመሰግነኝም ሲሰድበኝም ቃሉ ያው ነው፤ ልዩነቱን የማነበው ከፊቱ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ደወለልኝ።

"ምሁሩ፣ የነጥብ ሰሌዳው ዓይኑን ጨፈነ።"

"ሰሌዳውን የሚያሠራው ኮምፒውተር ይነሳል?"

"ትንሽ አቃሰተ፣ ትንሽ ሸተተ፣ ከዚያ ዝም። ቅዳሜ ፍጻሜ እንዳለብን ታውቃለህ አይደል?"

ማን የማያውቅ አለ። የሴቶች ቅርጫት ኳስ ፍጻሜ እኛ አዳራሽ ተደርጎ አያውቅም። ሁልጊዜ የሚወስደው ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ያለው ትልቁ አዳራሽ ነው። ዘንድሮ ግን ዕጣው ለእኛ ወጣ። አክስቴ እንደነገረችኝ፣ የዚያን ቀን አጎቴ ቤት ገብቶ ከደስታ ብዛት ጫማውን ሳያወልቅ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ይዞት ሄደ። ዕጣው ግን ቅድመ ሁኔታ ነበረው። በጨዋታው ዕለት ተቆጣጣሪ መጥታ አዳራሹን ታያለች፤ አንድ ነገር ከጎደለ ጨዋታው ወደ ትልቁ አዳራሽ ይዛወራል። አጎቴ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ጡረታ ይወጣል። ሌላ ዕጣ የሚጠብቅበት ጊዜ የለውም።

ሄጄ የኮምፒውተሩን ሳጥን ከመዝጋቢዎቹ ጠረጴዛ ሥር ጎትቼ አወጣሁት። ሳጥኑም አረንጓዴ ነበር። ክዳኑን ገና ስፈታ ነገሩ ገባኝ። በጎኑ ያሉት የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎች አንድም ሳይቀሩ በቀለም ተደፍነዋል። ሦስት ዓመት፣ ሦስት ሽፋን። ማሽኑ በገዛ ሙቀቱ ታፍኖ ዕቃው ሁሉ የሚሰካበት ማዘርቦርድ ተቃጥሏል።

"ምን ሆኖ ነው?" አለ አጎቴ፣ በትከሻዬ ላይ አንገቱን አስግጎ።

"ሙቀት ነው" አልኩት።

ውሸት አይደለም። ግን እውነቱን ከመሃል ቆርጬ ግማሹን ብቻ እንደሰጠሁት አውቀዋለሁ። ያን ዕለት ሌላኛውን ግማሽ የሚችለው አልመሰለኝም።

ሌላ ኮምፒውተር ማምጣት የሚሆን አልነበረም። የጨዋታውን ሰዓትና ጡሩምባ የሚያዘው ካርድ የድሮ ነው፤ ዛሬ የሚሸጡ ማሽኖች እሱ የሚሰካበት ቦታ የላቸውም። ሁለት ቀን ከሱቅ ሱቅ ዞሬ ካርዱን የሚቀበል አንድ ማዘርቦርድ አገኘሁ። ጉድለቱ አንድ ብቻ ነበር፤ አሮጌው ሁለት የስክሪን መውጫ ነበረው፣ ይኼኛው አንድ። ያንን አንዱን ለትልቁ ሰሌዳ ሰጠሁትና ጠረጴዛው ላይ የነበረችው ትንሿ ስክሪን ሥራ ፈታች። ከዚያ በኋላ እኔ ኮምፒውተሩ ላይ የምነካው ማንኛውም ነገር ግድግዳው ላይ፣ ስድስት ሜትር ስፋት ባለው ሰሌዳ፣ ለአዳራሹ ሁሉ የሚታይ ሆነ። ያኔ ይህ ምን እንደሚያመጣ አላሰብኩበትም።

ቅዳሜ ጠዋት ሰሌዳው በራ። ሰዓቱ ቆጠረ፣ ጡሩምባው ጮኸ። አጎቴ ግንባሬን ሳመኝ። "ምሁሩ" አለኝ፤ ይኼኛው ምስጋና ነበር። አየር እንዲያገኝ ብዬ የሳጥኑን የጎን ክዳን ሳልገጥም ግድግዳው ላይ አስደግፌ ተውኩት።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ተቆጣጣሪዋ መጣች። አጭር፣ ፈጣን፣ ፊሽካዋን አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት፤ ድሮ ዳኛ እንደነበረች ሰምተናል። የቅርጫቱን ከፍታ ለካች፤ ወለሉን በጫማዋ ተረከዝ ደበደበች፤ የአደጋ ጊዜ በሮቹን አንድ በአንድ ገፋች። የደረጃውን መደገፊያ በጣቷ ጠረገችና ጣቷን አየችው።

"ማነው የቀባው?"

"እኔ ነኝ" አለ አጎቴ።

ወረቀቷ ላይ አንድ ነገር ጻፈች። አጎቴ ምን እንደጻፈች ለማየት አንገቱን ቢመዝም አልደረሰበትም።

ሰባት ሰዓት ሲሆን ሁለቱም ቡድኖች ሰውነታቸውን ለማሟሟቅ ሜዳ ገቡ። ተቆጣጣሪዋ ከሜዳው መሃል ቆማ "ነጥቡን አሳዩኝ" አለች። አጎቴ ለሁለቱም ቡድን ሰማንያ ስምንት ሰማንያ ስምንት አወጣ። በግራ በኩል የባለሜዳው፣ በቀኝ በኩል ታች የእንግዳው። ያማረ ነበር።

ልክ በዚያች ቅጽበት በሰሌዳው የቀኝ ጥግ ታች ሁለት መስመር ግራጫ ጽሑፍ ብቅ አለ። "ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን አክቲቬት ያድርጉ። ለዚህም ወደ ሴቲንግ ይሂዱ።" ጽሑፉ የእንግዳውን ነጥብ የመጨረሻ ቁጥር አቋርጦት አለፈ።

የፈሩት ይደርሳል የሚባለው እንዲህ ነው።

"ይኼ ምንድነው?" አለች ተቆጣጣሪዋ።

"ማስታወቂያ ነው?" አለ አጎቴ ወደ እኔ ዞሮ፣ በቀስታ።

"አይደለም። ኮምፒውተሩ ራሱን አላወቀም" አልኩ። "ሲስተሙ ማሽኑን የሚያውቀው በዋናነት በማዘርቦርዱ ነው። ማዘርቦርዱን ስንቀይር ሌላ ሰው ቤት የገባ መሰለው፤ ፈቃድ ይጠይቀናል።"

"ሳጥኑ እኮ ያው ነው።"

"ሳጥኑ ያው ነው። ልቡ ሌላ ነው።"

ተቆጣጣሪዋ ወደ አዳራሹ ጫፍ ሄዳ አንድ ዓይኗን ጨፍና አየች። "ሦስት አውጡልኝ" አለች። አጎቴ ሰማንያ ሦስት አደረገው። "አሁን ስምንት።" ሰማንያ ስምንት አደረገው። "ከዚህ ሆኜ አልለየውም። የአንዱ ቡድን ነጥብ ጠርቶ የሌላው ተሸፍኖ ፍጻሜ አላጫውትም። ስምንት ሰዓት ላይ ይኼ ጥግ ካልጸዳ ወደ ትልቁ አዳራሽ እደውላለሁ። አዝናለሁ።"

እውነት ለመናገር ትክክል ነበረች። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን ያንኑ እል ነበር።

"ጋሽ ነጥብ፣ ለምን ታነሱታላችሁ?" አለች ከባለሜዳዎቹ ልጆች አንዷ ኳስ እያነጠረች። "የነሱን ነጥብ ይሸፍንልን እንጂ።"

የእንግዶቹ አምበል፣ አንድ ቀጭን ረጅም ልጅ፣ ከወዲያ በኩል መለሰችላት። "ቢሸፈንም ባይሸፈንም ከናንተ ይበልጣል።"

አጎቴ ግን አልሳቀም። አጠገቤ ቁጭ አለና እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ። "አንድ ሰዓት አለን" አለ። "ንገረኝ፣ ምን ልያዝ?"

የአዳራሹን ኢንተርኔት አገናኘሁና ወደ ሴቲንግ ገባሁ፤ ሰሌዳው ላይ ሁሉም ያየኛል። "በቅርቡ የዚህን ኮምፒውተር ዕቃ ቀይሬያለሁ" የሚለውን ስጫን አካውንት ጠየቀኝ። አካውንት የለንም። ከሦስት ዓመት በፊት ማሽኑ አዲስ ሲገባ እንክፈት ብዬው ነበር፤ አጎቴ "ከጠረጴዛ ሥር የማይወጣ ዕቃ አድራሻ ምን ያደርግለታል?" ብሎ አሳቀኝ፤ እኔም ስቄ ተውኩት። የዚህ ጥፋት እኩሌታ የእኔ ነው። ያኔ ከፍተን ቢሆን አሁን በሁለት ደቂቃ ባለቀ።

ለሥራ ባልደረባዬ ደወልኩ። "ምን ያስለፋሃል" አለኝ፤ "መቆለፊያውን የምትሰብር ፕሮግራም አለችኝ፤ አሁኑኑ ልላክልህ።"

ስልኩ ድምፁ ወደ ውጭ ስለሚወጣ አጎቴ ሰማው።

"በገዛ ቤታችን መስኮት ሰብረን እንግባ?" አለ። "ሲስተሙን ከማሽኑ ጋር ገዝተነዋል። ያውም ዳኛ ፊት ቁጭ ብለን።"

"ከገዛችሁት ቁልፉ ይኖራላ" አለ ባልደረባዬ። "ሳጥኑ ላይ የተለጠፈውን እየው፤ ሃያ አምስት ፊደልና ቁጥር።"

ሁለታችንም እኩል ግድግዳው ላይ ወደተደገፈው ክዳን ዞርን። ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ። እጄን አሳለፍኩበት። ከላይ በግራ በኩል የክብሪት ሳጥን የምታህል አራት ማዕዘን ከቀለሙ ሥር ከፍ ብላ ትዳሰሳለች።

"አጎቴ" አልኩ።

"አይቻታለሁ" አለ። "ስቀባት ትዝ ትለኛለች። የምታብለጨልጭ ወረቀት ነበረች፤ ቀለሙን አልያዝ ብላ አስቸገረችኝ። ሦስቴ ደገምኩባት።" ከዚያ ዓይኑ በራ። "አልያዝ አለችኝ እኮ። ላዩዋ ላስቲክ ነው። ላስቲክ ላይ ያረፈ ቀለም ካልጋለ እንጂ ከጋለ እንደ ቆዳ ይላጣል።"

"በምን እናግለው?"

"ፀጉር ማድረቂያ ቢኖር።"

ጠረጴዛው ዙሪያ ለካ ሰው ተሰብስቧል። የእንግዶቹ አምበል ኳሷን ለጓደኛዋ ወረወረችና ወደ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ሮጠች። ተመልሳ ስትመጣ ቀይ ፀጉር ማድረቂያ ይዛለች።

"የምትለፉት ለኛ ነጥብ ነው" አለች። "ይኼን ያህልማ ላግዝ።"

አጎቴ ክዳኑን ጭኑ ላይ አጋደመ፤ እሷ ማድረቂያውን ያዘች፤ እኔ መታወቂያዬን አውጥቼ በጠርዙ መፋቅ ልጀምር ስል አጎቴ ነጠቀኝ። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ይኼ የኔ ሥራ ነው።" ያንን ሰው በሥራው ላይ ያላየ አያውቀውም። መታወቂያውን እንደ ቢላ አጋድሞ ከጥግ ጀመረ። ቀለሙ ለስልሶ ተጠቀለለ። የመጀመሪያው ሽፋን፣ ሁለተኛው፣ ከዚያ ከሦስተኛው ሥር አንድ ነጭ ጠርዝ ብቅ አለ። ዙሪያችን ያሉት ልጆች "ወጣች፣ ወጣች" ተባባሉ።

በመሃል የአጎቴ እጅ ቆመ። ክዳኑን ወደ መብራቱ አነሳው። ብርሃን ማሳለፍ የነበረባቸው ቀዳዳዎች አላሳለፉም። አንዱን በጥፍሩ ነካው።

"ማሽኑ የሚተነፍሰው በነዚህ ነው?" አለኝ።

"አዎ።"

"ሙቀት ነው አልከኝ።"

"አዎ፣ አጎቴ።"

ማድረቂያው ብቻ ነው የሚጮኸው። ፊቱን አየሁት፤ ምሁሩ ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ። አላለኝም። ሃያ ሁለት ዓመት የጠበቀውን ቀን በገዛ ብሩሹ ሊያፍነው እንደነበር ገብቶታል። ከዚያ አንገቱን ዝቅ አድርጎ "ሙቀቱን ወደዚህ ጠጋ አድርጊልኝ፣ ልጄ" አላት አምበሏን፤ መፋቁን ቀጠለ። እጁ ግን ከበፊቱ የበለጠ ቀስ አለ።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ቁልፉ ወጣ። አምስት አምስት ሆነው በአምስት ምድብ የተጻፉ። ከመጨረሻዋ በስተቀር ሁሉም ይነበባሉ። የመጨረሻዋን ቀለሙ ሲላጥ ግማሽ ጎኗን ይዞት ሄደ፤ የቀረው በቀኝ በኩል ሁለት ጉብታ ብቻ ነው።

"ስምንት ናት" አለ አጎቴ።

"ሦስትም ልትሆን ትችላለች" አለች አምበሏ።

"ወይም የእንግሊዝኛው ቢ" አልኩ።

"ሦስት ሙከራ ነዋ" አለች። "ለኛ ብርቅ አይደለም።"

ልጽፍ ስል ግን እጄ ቆመ። የምጽፈው ሁሉ ግድግዳው ላይ ይወጣል፤ አዳራሹ ውስጥ ደግሞ አርባ ሰው አለ፣ ስልኩን የያዘ ሁሉ ፎቶ ማንሳት ይችላል። ይህን ለአጎቴ በጆሮው ነገርኩት። ማይክሮፎኑን አነሳ።

"የተከበራችሁ ተጫዋቾችና እንግዶች፤ አሁን ቁልፍ ልንጽፍ ነው። ቁልፍ የቤት ገመና ነው። እባካችሁ ሁላችሁም ፊታችሁን ወደ ግድግዳ አዙሩ። ስልክ ኪስ ውስጥ።"

በሕይወቴ ያን የመሰለ ነገር አላየሁም። ሃያ አራት ረጃጅም ልጆች፣ ሁለት አሠልጣኞች፣ ትኬት ቆራጯ፣ የጽዳት ሠራተኞቹ፣ ሁሉም ኳሳቸውንና መጥረጊያቸውን እንደያዙ ጀርባቸውን ሰጡን። ተቆጣጣሪዋ ትንሽ አመነታችና እሷም ወረቀቷን ደረቷ ላይ አቅፋ ዞረች።

ጻፍኩ። በስምንት ሞከርኩ። ቀይ ጽሑፍ፦ ቁልፉ ትክክል አይደለም።

"አለቀላችሁ?" አለ አንድ ድምፅ ከግድግዳው።

"ማንም እንዳይዞር" አለ አጎቴ።

በሦስት ሞከርኩ። ቀይ።

"ጋሽ ነጥብ፣ እዚህ ግድግዳ ላይ አንዲት ቀለም ያልነካት ቦታ አየሁ" አለች ባለሜዳዋ ልጅ።

"የት ጋ?" አለ አጎቴ ከልቡ ደንግጦ፤ ጀርባቸውን የሰጡት ሁሉ ትከሻቸው በሳቅ ተንቀጠቀጠ።

በቢ ሞከርኩ። ቀዩ አልመጣም። ነጫጭ ነጥቦች እየተከታተሉ ዞሩ፤ ቁልፉን ተቀበለው። ከወንበሬ ልነሳ ምንም አልቀረኝም ነበር። ከዚያ አዲስ መስኮት ተከፈተ፦ "ይህ ቁልፍ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ተመዝግቧል።"

"ሌላ የቱ ነው?" አለ አጎቴ።

"ሟቹ። ያው እኛው።"

አሁን ቁልፉ ስለተደበቀ ሰው ሁሉ እንዲዞር ፈቀድን። ከሩብ ሰዓት ትንሽ የሚበልጥ ጊዜ ቀርቶናል። አንድ መንገድ ነበር፤ በስልክ አክቲቬት ማድረግ። ሰሌዳው ላይ ሰባት ሰባት አሐዝ የያዙ ዘጠኝ ምድቦች ወጡ፤ እነሱን ሲስተሙን ለሠራው ኩባንያ መንገር፣ ኩባንያው ሲያምንህ ደግሞ የሚሰጥህን ቁጥር መልሰህ መጻፍ። ስልኩን ለአጎቴ ሰጠሁት።

"አንተ አንብብ" አልኩት። "ቁጥር መናገር ካንተ በላይ የሚችል የለም።"

ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ያነሳው ሰውዬ ድምፁ የሰለቸ፣ ምሳውን ያልበላ ዓይነት ነበር። አጎቴ ተነሳና ቆመ። ቁጭ ብሎ ቁጥር አንብቦ አያውቅም። ቀና ብሎ ሰሌዳውን እያየ፣ በዚያ በደወል ድምፁ፣ ስልሳ ሦስቱን አሐዞች አንድ በአንድ አወረዳቸው። አዳራሹ የቅጣት ኳስ ሲወረወር እንደሚሆነው ጸጥ ብሏል።

"ጌታዬ" አለ ሰውዬው ሲጨርስ፤ ድምፁ ነቃ ብሏል። "የሬዲዮ ሰው ነዎት?"

"ነጥብ መዝጋቢ ነኝ።"

"ሲስተሙ በስንት ኮምፒውተር ላይ ነው ያለው?"

"በአንድ።"

"ያው ኮምፒውተር ነው ወይስ ሌላ?"

"ያው ነው" ቢል ያልቃል። አጎቴ ግን አጎቴ ነው።

"እንዴት ልበልህ፣ ወንድሜ" አለ። "ማዘርቦርዱ አዲስ ነው። አሮጌውን እኔ ነኝ ያቃጠልኩት። ላሳምረው ብዬ ስቀባ መተንፈሻውን ደፈንኩበት። ሳጥኑ ግን ያው ነው፤ ሥራውም ያው ነው፤ እኔም ያው ነኝ። እንግዲህ አንተ ፍረድ።"

ይህን ያለው ቆሞ፣ ሰው ሁሉ እየሰማው ነው። ከተጫዋቾቹ አንዷም አልሳቀችም። ተቆጣጣሪዋ ሰዓቷን ለማየት ያነሳችው እጇ አየር ላይ ቀረ።

በስልኩ ውስጥ የኪቦርድ ድምፅ ይሰማል። ሳቅም ያለበት መሰለኝ።

"ምን ቀለም ነው የቀቡት?" አለ ሰውዬው።

"አረንጓዴ።"

"ወረቀትና እስክሪብቶ አለዎት? ስምንት ምድብ ነው፤ እያንዳንዱ ስድስት አሐዝ።"

ወረቀት አላስፈለገንም። ሰውዬው ይናገራል፣ አጎቴ ይደግማል፣ እኔ እጽፋለሁ፣ ሰሌዳው ያሳያል። የመጀመሪያው ሳጥን ሲሞላ አንዲት ልጅ አጨበጨበች። ሁለተኛው ላይ አምስት ሆኑ። በሦስተኛው ባለሜዳና እንግዳ ተደባልቆ አዳራሹ እንደ አንድ ሰው የሚያጨበጭብ ይመስል ነበር። በዚያ ሁሉ ግርግር አምስተኛውን ጽፌ ወደ ስድስተኛው ልሻገር ስል የፊሽካ ድምፅ ጆሮዬን ቀደደው።

ተቆጣጣሪዋ ነበረች፤ ፊሽካዋ አፏ ውስጥ ነው። አውጥታ "አምስተኛው ሳጥን" አለች። "ሰባት ዘጠኝ ነው ያሉት፤ አንተ ዘጠኝ ሰባት ጽፈሃል። አስተካክል።"

አስተካከልኩ። እሷም እንደ ማፈር ብላ ወረቀቷን አገላበጠች።

ስምንተኛው ሞላ። ጫንኩት። "ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ አክቲቬት ሆኗል።" አዳራሹ በጩኸት ተሞላ፤ አጎቴ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብሎ "ዕድሜ ይስጥህ፣ ምሳህን ብላ" አለና ዘጋ።

ጥጉ ላይ ያለው ጽሑፍ ግን አልሄደም።

ጩኸቱ ቀስ በቀስ ወረደ። ሁሉም ወደዚያች ጥግ ያያል። ስምንት ሊሆን ስድስት ደቂቃ ይቀራል። "ጠፍቶ ይነሳና እንየው" አልኩ፤ እርግጠኛ አልነበርኩም፤ እርግጠኛ የሆነ ሰው ድምፅ ግን አወጣሁ። አጠፋሁት። ስድስት ሜትሩ ሰሌዳ ጠቆረ። አጎቴ ክዳኑን እንደ ሕፃን አቅፎ ቆሟል። ማሽኑ ቀስ ብሎ አጉረመረመ፤ መብራቱ መጣ፤ የነጥቡ ፕሮግራም ተከፈተ። አጎቴ ሳይቀመጥ በአንድ እጁ ሰማንያ ስምንት ሰማንያ ስምንት አወጣ።

ጥጉ ጠርቷል።

ተቆጣጣሪዋ ወደ አዳራሹ ጫፍ ሄደች። ከሁሉ ከፍ ወዳለው ወንበር ወጣች። አንድ ዓይኗን ጨፈነች። "ሦስት" አለች። አጎቴ ሦስት አደረገ። "ስምንት።" ስምንት አደረገ። ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወረደች። በአጎቴ አጠገብ ስታልፍ ወረቀቷን አሳየችው። ከላይ፣ መደገፊያውን በጣቷ ስትጠርግ የጻፈችው፣ "ካየኋቸው አዳራሾች ሁሉ በላይ በደንብ የተያዘ" ይላል። አጎቴ ሁለት ጊዜ አነበበው። እሷ ግን ክዳኑን በጣቷ ነካ አድርጋ "ይኼን ግን ከእንግዲህ ተዉት" ብላው አለፈች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፍጻሜው ተጀመረ። ሰው ደረጃው ላይ ሳይቀር ተቀምጧል። አራተኛው ሩብ ሊያልቅ አንድ ደቂቃ ሲቀረው የእኛ ልጆች በአንድ ነጥብ ይመሩ ነበር። አራት ሰከንድ ሲቀር ያቺ ቀጭን አምበል ኳሷን ከሦስት ነጥቡ መስመር ውጭ ለቀቀቻት። ገባች። ጡሩምባው ጮኸ።

አጎቴ ለአንድ አፍታ ሰሌዳውን አየው። ሃያ ሁለት ዓመት ለጠበቀው ቀን የእሱ ቡድን ተሸነፈ፤ የተሸነፈበትም አሐዝ እዚያው ጥግ፣ ከሰባት ሰዓት ጀምሮ በታገልንለት ቦታ ላይ፣ ጥርት ብሎ ቆሟል። ማይክሮፎኑን አነሳ።

"ሰባ ለሰባ ሁለት። እንግዳው ቡድን አሸናፊ።"

ከዚያ የበለጠ ያማረ ድምፅ ከእሱ ሰምቼ አላውቅም። አምበሏ ላቧን እየጠረገች ወደ ጠረጴዛችን መጣች።

"ጋሽ ነጥብ፣ ጥጋችን በደንብ ታየች።"

"ማድረቂያሽን እንዳትረሺ" አላት። ፊቱ ላይ ሐዘን ፈልጌ ነበር፤ ያገኘሁት ሌላ ነገር ነው። ጠዋት ግንባሬን የሳመኝ ሰው ነበር።

በማግስቱ እሑድ አዳራሹ ባዶውን ሳለ ሄድኩ። ክዳኑን ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ በቀጭን ሚስማር ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ይከፍታል። የቁልፉን ወረቀት በሚያሳይ ላስቲክ አሽጎታል፤ የጠፋችው የመጨረሻዋ ፊደል አጠገብ በእርሳስ "ቢ" ብሎ ጽፏል። ቀና ሳይል "ያንን አካውንት ክፈትልኝ" አለኝ። "አድራሻ ይኑረው።"

ከፈትኩለት፤ ኮምፒውተሩንም አገናኘሁት። እሱ በዚህ መሃል እየቆጠረ ነበር፤ በአፉ ውስጥ፣ ያው በሚታወቀው ድምፁ። ሁለት መቶ አሥራ ስድስት ላይ ጨረሰና ክዳኑን ወደ መስኮቱ አነሳው። ብርሃኑ እንደ ወንፊት ፊቱ ላይ ወረደ።

"ምሁሩ" አለ።

"አቤት።"

"ዳር ዳሩ ግን በጣም ተልጧል። ቀዳዳዎቹን ሳልነካ፣ በቀጭን ብሩሽ..."

"አጎቴ።"

"እሺ፣ እሺ" አለና ክዳኑን ሰጠኝ።